ኤጲስ ቆጶስ ጆርጅ በርክሌና የተፈጥሮ ሰዋስው

ዘመናዊ ትምህርት ቀምሶ ወደ ገዳም የመጣ ደቀ መዝሙር ሁሉ አንድ ጥያቄ በልቡ ይዞ ይመጣል። ይኸውም፣ የከዋክብትን አካሄድ አስቀድሞ የሚያሰላው፣ የድንጋይን አወዳደቅ በቍጥር የሚለካው ሳይንስ የፍጥረትን ምክንያት ሁሉ ከገለጠ ለሃይማኖት የሚቀርለት ምንድን ነው የሚል ነው። ከዚህ ጥያቄ የተነሣ አንዳንዱ ሳይንስን እንደ ጠላት ይፈራል፤ አንዳንዱም በሃይማኖቱ ያፍራል። ከሁለቱም የተለየ መንገድ የያዘ አንድ ሰው በአየርላንድ አገር ነበረ፤ ስሙም ጆርጅ በርክሌ ይባላል። የአየርላንድ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ኤጲስ ቆጶስ ነበረና የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለም፤ ትምህርቱም ሁሉ ከትምህርታችን ጋር አይስማማም። ነገር ግን ሳይንስ የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቶ ያስተማረው ነገር ለጥያቄያችን ይጠቅማል፤ ከዚህም ጋር ራሱ የተሰናከለበት ነገር እንደ ትምህርቱ ያህል ያስተምራልና ሕይወቱን በአጭሩ እንጽፋለን። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ልደቱና ትምህርቱ

በርክሌ በ1685 በማርች ወር በ12ኛው ቀን በአየርላንድ በኪልከኒ አውራጃ ተወለደ። በ11 ዓመቱ በኪልከኒ ወደሚገኘው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1700 ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ በደብሊን ከተማ ወደሚገኘው ወደ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተሻገረ። በዚያም ላቲንና ግሪክን፣ ዕብራይስጥን፣ ሒሳብንና ፍልስፍናን ተማረ። በ1704 የመጀመሪያውን ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1707 ከኮሌጁ መምህራን እንደ አንዱ ሆኖ ተመረጠ። በ1709 ዲቁና፣ በ1710 ቅስና ተሾመ።

ያን ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት አእምሮ በሁለት ሰዎች ሥራ ተይዞ ነበር። ኢሳቅ ኒውተን በ1687 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ የፕላኔቶችን ዙረትና የባሕርን ሙላት፣ ወደ ምድር የሚወድቀውንም ነገር ሁሉ በአንድ ሕግ አሰረ። ጆን ሎክ ደግሞ የሰው ዕውቀት በስሜት ሕዋሳት በኩል እንደሚገባ አስተማረ። በርክሌ ሁለቱንም በብዙ ትጋት አነበበ፤ ሁለቱንም አከበረ። ነገር ግን ከእነርሱ በኋላ የተነሡ አንዳንድ ሰዎች ዓለሙ አንድ ጊዜ ተሞልቶ እንደ ተተወ ሰዓት በራሱ የሚሄድ ነው፤ ግዙፉም ባሕርይ ለብቻው የሚበቃ ነው ወደ ማለት ሲያዘነብሉ ተመለከተ። ይህም ሐሳብ ቀስ በቀስ ፈጣሪን ከፍጥረቱ አርቆ በመጨረሻ እንደሚያስክድ ተረዳ። ስለዚህ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ ክርክሩን በማስታወሻ ደብተር ይጽፍ ጀመር። እነዚያም ደብተሮች ከሞቱ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው በ1871 ታትመዋል።

ስለ ማየት የጻፈው

የመጀመሪያው ታላቅ መጽሐፉ በ1709 የወጣው ስለ ማየት የሚናገረው ነው። ይህም የሳይንስ መጽሐፍ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት የብርሃን ሊቃውንት፣ ሰው ርቀትን የሚያውቀው ከሁለቱ ዓይኖች ወጥተው በሚታየው ነገር ላይ በሚገናኙ መስመሮችና በማዕዘናቸው ነው ይሉ ነበር። በርክሌ ግን እነዚህን መስመሮችና ማዕዘናት ሒሳብ ዐዋቂው ለስሌቱ ያሰባቸዋል እንጂ የሚያየው ሰው አያውቃቸውም አለ። ሕፃኑና ጂኦሜትሪ ያልተማረው ገበሬ ሩቁን ከቅርቡ ይለያሉና፣ ሰው በማያውቀው ነገር ተመርቶ እንዴት ይፈርዳል ብሎ ጠየቀ።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ተሳላሚ በደብረ ዘይት ራስ ላይ ቆሞ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለከት በመካከል ያለውን የቄድሮንን ሸለቆ ጥልቀት በዓይኑ ያየ ይመስለዋል። እንደ በርክሌ ትምህርት ግን ዓይኑ የተቀበለው ብርሃንንና ቀለምን ብቻ ነው። ከሩቁ ነገር እስከ ዓይን የሚደርሰው መስመር ቢረዝምም ቢያጥርም በዓይን ውስጥ የሚያርፈው አንዲት ነጥብ ሆኖ ነውና፣ ርቀት በራሱ አይታይም። ርቀትን ያስተማረው ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጁ የዳሰሰው፣ እግሩም የረገጠው ልምድ ነው። ጭጋግ በሆነ ቀን ተራራው የራቀ፣ ዝናም ዘንሞ አየሩ በጠራ ቀን ደግሞ የቀረበ መስሎ የሚታየን ስለዚህ ነው፤ ተራራው ከስፍራው አልተነቃነቀም፤ ምልክቱ ግን ተለውጧል።

እንግዲህ የሚታየው ነገር ለሚዳሰሰው ነገር ምልክት ነው። ደመና የሚለው ቃል በድምፁ ደመናን አይመስልም፤ ነገር ግን በልምድ ብዛት ቃሉን በሰማን ጊዜ ነገሩ ወዲያው በልባችን ይመጣል። እንደዚሁም ቀለምና ብርሃን መዳሰስን ባይመስሉም በልምድ ወደ እርሱ ይመሩናል። በርክሌ ከዚህ ተነሥቶ፣ ማየት ፈጣሪ ለሰው ልጅ ሁሉ የሚናገርበት ቋንቋ ነው አለ፤ ሰው በዚህ ቋንቋ እየተመራ የሚጠቅመውን ይቀርባል፤ ከሚጐዳውም ይርቃል።

ትምህርቱ በወሬ ብቻ የቀረ አልነበረም። የደብሊኑ ሊቅ ዊልያም ሞሊኑ አስቀድሞ፣ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው ዓይኑ ቢበራለት በእጁ ዳስሶ የሚያውቃቸውን ኳስና ባለ ስድስት ገጽ ድንጋይ ሳይነካ በማየት ብቻ ይለያቸዋልን ብሎ ጠይቆ ነበር። በርክሌ እንደ ሞሊኑና እንደ ሎክ አይለይም አለ። በ1728 ቼዝልደን የተባለ የለንደን ሐኪም የአንድ ዕውር ብላቴና ዓይን እንዴት እንዳበራ ጻፈ፤ ብላቴናውም መጀመሪያ ያየው ነገር ሁሉ ዓይኑን የነካው መስሎት ነበር። በርክሌ በ1733 ይህን ለትምህርቱ ምስክር አድርጎ አቀረበ። በ2011 ደግሞ በሕንድ አገር ዘግይተው ዓይናቸው የበራላቸው ልጆች ተመረመሩ፤ በመጀመሪያ በእጅ የዳሰሱትን በዓይን ለመለየት አልቻሉም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ተማሩ። ክርክሩ ፈጽሞ ተዘጋ ባይባልም የበርክሌ ግምት ከ300 ዓመት በኋላ እንኳ ክብሩን አላጣም።

ግዙፉን ባሕርይ መካዱ

በ1710 ስለ ሰው ዕውቀት መሠረት የሚናገረውን መጽሐፍ፣ በ1713 ደግሞ ያንኑ ትምህርት በሁለት ሰዎች ጭውውት አድርጎ አሳተመ። በእነዚህ መጻሕፍት፣ ከልቡና ሁሉ ውጭ በራሱ የቆመ፣ ቀለም የሌለው፣ ድምፅ የሌለው፣ የማይታይና የማይዳሰስ ግዙፍ ባሕርይ የሚባል ነገር የለም አለ። ያሉት የሚያውቁ መናፍስትና በእነርሱ የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። እኛ ዓይናችንን በጨፈንን ጊዜ ነገሩ የማይጠፋው ከሁሉ በላይ ያለው አምላክ ዘወትር ስለሚያውቀው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና አደባባይ ስለ አምላክ ቅርበት የሰበከውን ስብከት በርክሌ አብዝቶ ይወድ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰዎች ሳቁበት። ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ በ1763 ዶክተር ጆንሰን የተባለው የእንግሊዝ ደራሲ አንድ ታላቅ ድንጋይ በእግሩ መትቶ ትምህርቱን በዚህ አፈረስሁ እንዳለ ይነገራል። ነገር ግን በእግር የተሰማው ጥንካሬ ራሱ ከሚታወቁት ነገሮች አንዱ ነው፤ በርክሌም ከቶ አልካደውም። እርሱ ዳቦውን ዳቦ፣ ድንጋዩንም ድንጋይ አይደለም አላለም፤ የካደው ከሚታየውና ከሚዳሰሰው በስተ ኋላ ተሰውሮ አለ የተባለውን ብቻ ነው።

የሆነ ሆኖ ከትምህርታችን አንጻር ይህን ሳንመረምር አናልፍም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የሚታየውም የማይታየውም የአንድ ፈጣሪ ፍጥረት እንደ ሆነ፣ ቃልም እውነተኛ ሥጋ እንደ ለበሰ ታስተምራለች። እኛም በዚህ በተቀደሰ አገር የምንኖርና የምንሳለም ሰዎች፣ የምንሳለመው ድንጋይ ሕልም እንዳልሆነ እናምናለን። በርክሌ ቢጠየቅ እርሱም ሕልም አይደለም ብሎ በመለሰ ነበር፤ የዘፍጥረትንም ታሪክ እንደማይነካ በመጽሐፉ ለማስረዳት ደክሟል። ነገር ግን ግዙፍነትን ራሱን ከፍጥረት ቍጥር ማውጣቱ አያስፈልገውም ነበር። ጠላቱ ፈጣሪ የሌለው ግዙፍ ባሕርይ ነበረና፣ ግዙፉ ባሕርይ ራሱ ፍጡር ነው ማለት ይበቃው ነበር እንላለን። ስለዚህ በዚህ ነገር አንከተለውም።

የተፈጥሮ ሰዋስው

ስለ ሳይንስ ያስተማረው ግን ከዚህ ተለይቶ ሊቆም ይችላል። በርክሌ በ1710ሩ መጽሐፉ የተፈጥሮን ሕግ የሚመረምሩትን ሊቃውንት በሰዋስው ዐዋቂዎች መስሏቸዋል። ይህ ምሳሌ ለእኛ ለቅኔ ቤትና ለመጻሕፍት ቤት ሰዎች ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። የግስ መምህር ቀተለን ርእስ አድርጎ ሠራዊቱን በእርሱ ሥር ሲሰበስብ፣ ብዙ ግሦች በአንድ መንገድ እንደሚረቡ ያሳያል፤ ተማሪውም ከቶ ሰምቶት የማያውቀውን ግስ እንኳ ወዲያው ያረባዋል። እንደዚሁም ኒውተን የሚወድቀው ፍሬና በሰማይ የምትዞረው ጨረቃ በአንድ ሕግ እንደሚሄዱ አሳየ፤ ሕጉን የተማረም ገና ያልታየውን ግርዶሽ አስቀድሞ ያሰላዋል። ይህ ታላቅ ዕውቀት ነው።

ነገር ግን የግስ መምህር ግሡ እንዴት እንደሚረባ ይነግረናል እንጂ፣ ደራሲው በዚያ ቃል ምን ሊል እንደ ፈለገ አይነግረንም፤ ያ የትርጓሜ ሥራ ነው። የእርባታው ሕግም ቃሉን አልጻፈውም፤ ጸሐፊ ጻፈው እንጂ። ስበት የሚለው ስም እንዲሁ ነው። ነገሮች ወደ ነገሮች የሚቀርቡበትን ሥርዓት በአንድ ቃል ያጠቃልላል፤ በቍጥርም ይወስናል፤ ለምን እንዲህ እንደ ሆነና ማን እንዲህ እንዳደረገው ግን ስሙ ራሱ አይመልስም። ስሙን የሰማ ሰው ምክንያቱን ያወቀ ከመሰለው፣ ቃሉን ስላረባ መጽሐፉን የተረጐመ እንደሚመስለው ጀማሪ ተማሪ ነው።

ደግሞም ምሳሌው በአንድ ወገን ብቻ አይቈርጥም። ግስ ያልተማረ ሰው ትርጓሜ እነግራለሁ ቢል ይስታል፤ ስለዚህ የሃይማኖት መምህር የተፈጥሮን ሕግ ሊንቅ አይገባውም። በርክሌም አልናቀም። በ1716 ወደ ኢጣልያ ሄዶ እስከ 1720 በአውሮፓ ምድር በቈየበት ጊዜ፣ በ1717 በኔፕልስ አጠገብ ያለው የቬሱቪዮ ተራራ እሳት ሲተፋ ወደ ተራራው ወጥቶ ነበልባሉንና ጢሱን ተመለከተ፤ ያየውንም ጽፎ ልኮ የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር በመጽሔቱ አሳተመለት።

በ1721 በላቲን ቋንቋ ስለ እንቅስቃሴ የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ በለንደን አሳተመ። በዚህም ኀይል፣ ስበት፣ እነዚህንም የመሳሰሉ ቃላት ለስሌት እጅግ የሚጠቅሙ የሒሳብ መሣሪያዎች ናቸው፤ ነገር ግን በነገሮች ውስጥ ተሰውረው የሚሠሩ እውነተኛ አድራጊዎች አይደሉም አለ። እውነተኛው አድራጊ መንፈስ ብቻ ነው፤ የአድራጊውም ነገር በፍልስፍናና በነገረ መለኮት ይመረመራል እንጂ በሚዛንና በመለኪያ አይመረመርም። ሁለቱ ጥናቶች ድንበራቸውን ቢያውቁ አንዱ ሌላውን አያውክም።

ኒውተን ደግሞ፣ ነገር ሁሉ ቢወገድ እንኳ የማይነቃነቅ ፍጹም ስፍራ ይቀራል፤ እውነተኛው እንቅስቃሴ በእርሱ ይለካል ይል ነበር። ለማስረጃም በገመድ የተሰቀለ ውኃ የሞላበት ባልዲ ሲሽከረከር የውኃው ፊት በመካከል ጐድጕዶ በዳር እንደሚነሣ አመለከተ። በርክሌ ግን እንቅስቃሴ ሁሉ ከሌላ ነገር ጋር በማነጻጸር ብቻ ይታወቃል አለ። በባዶ ስፍራ ሁለት ኳሶች ብቻ ቢኖሩ፣ በአንድ መካከል ዙሪያ ይዞራሉ ማለት ትርጉም የለውም፤ ከዋክብት ሲፈጠሩ ግን ከእነርሱ አንጻር ዙረታቸው ይታወቃል። ይህ ትችት በዘመኑ ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1883 ኤርንስት ማኅ የተባለው የአውስትሪያ ሊቅ ተመሳሳዩን ክርክር አነሣ፤ አልበርት አይንሽታይንም የማኅን ሐሳብ አንብቦ በ1905ና በ1915 የኒውተንን ፍጹም ስፍራና ፍጹም ጊዜ የሚተካ ትምህርት ሰጠ። የአንድ ቄስ ክርክር የሳይንስ ሰዎች በራሳቸው መንገድ መጥተው እስኪደርሱበት ድረስ ከ150 ዓመት በላይ ጠበቀ።

ወደ አሜሪካ መሄዱ

በ1724 በርክሌ የደሪ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆነ። ነገር ግን ልቡ በሌላ ሐሳብ ተይዞ ነበር፤ በቤርሙዳ ደሴት ላይ ኮሌጅ አቁሞ በአሜሪካ የሚኖሩትን የእንግሊዛውያንን ልጆችና የአገሩን ተወላጆች ልጆች ለማስተማር አሰበ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1726 ለዚህ ሥራ 20,000 ፓውንድ እንዲሰጠው ተስማማ። በ1728 አን ፎርስተር የተባለችውን አግብቶ በመርከብ ተነሣ፤ በ1729 መጀመሪያ ሮድ አይላንድ በሚባለው ክፍል ወደ ኒውፖርት ደረሰ። በዚያ እርሻ ገዝቶ ቤት ሠርቶ ገንዘቡን ጠበቀ፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም። በ1731 ተስፋ ቈርጦ ተመለሰ። እርሻውንና ብዙ መጻሕፍትን ለዬል ኮሌጅ ሰጠ፤ ለሃርቫርድም መጻሕፍት ላከ። በ1866 በካሊፎርኒያ ለተቈረቈረችው የትምህርት ከተማ ስሙ የተሰጣት በዚህ ትዝታ ነው።

የሰውን ሕይወት የሚጽፍ ግን ነውሩን ሊሰውር አይገባውም። በርክሌ በኒውፖርት ሳለ ባሪያዎች ገዛ፤ በእርሻውም አሠራቸው። ከእነርሱ ፊሊፕ፣ አንቶኒና አግነስ የተባሉት በ1731 ተጠምቀዋል። እርሱም ጥምቀት ባሪያን ከጌታው ነጻ አያወጣም ብሎ ባለ ርስቶችን ያጽናና ነበር። ስለ ኮሌጁ ባሳተመው ጽሑፍም፣ የአገሬው ተወላጆች ልጆች በሰላም ካልተገኙ ከጠላት ወገን ተማርከው እንዲመጡ አሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ነገር ያስተማረበት ትሪኒቲ ኮሌጅ በ2023 ስሙን ከቤተ መጻሕፍቱ ለማንሣት ወሰነ። ከመንፈስ በቀር እውነተኛ አድራጊ የለም ብሎ ያስተማረ ሰው፣ በፊቱ የቆመውን መንፈስ ያለው ሰው እንደ ዕቃ በገንዘብ ገዛ። ሩቁን እንዴት እንደምናይ የመረመረው ዓይን ቅርቡን ሳያይ ቀረ።

ከሒሳብ ሊቃውንት ጋር ያደረገው ክርክር

በ1734 በደቡብ አየርላንድ የክሎይን ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ። በዚያው ዓመት አንድ ሃይማኖት የሌለውን የሒሳብ ሊቅ የሚወቅስ መጽሐፍ አወጣ። ይህ ሊቅ የኮከብ ተመራማሪው ኤድመንድ ሃሌ ነው ተብሎ ይታሰባል። የክርክሩም ምክንያት፣ በሃይማኖት ውስጥ ምሥጢር አለና አንቀበልም የሚሉ ሰዎች በራሳቸው ሒሳብ ውስጥ ያለውን ስውር ነገር ሳይመረምሩ መቀበላቸው ነው።

ነገሩ ይህን ይመስላል። ኒውተንና ላይብኒትዝ ያገኙት ካልኩለስ የሚባለው ሒሳብ የሚለዋወጥ ነገር በየቅጽበቱ ምን ያህል እንደሚፈጥን ያሰላል። የአንድ እኩል አራት ማዕዘን ጐን 10 ክንድ ቢሆን ስፋቱ 100 ነው። ጐኑ በጥቂት ጭማሪ ቢያድግ፣ ስፋቱ የጭማሪውን 20 እጥፍና ጭማሪው በራሱ ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል ያድጋል። ይህን በጭማሪው ብናካፍል 20ና ጭማሪው ራሱ ይቀራሉ። ከዚህ በኋላ ጭማሪው ምንም ነው ተብሎ ይጣልና መልሱ 20 ነው ይባላል። በርክሌ እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ ጭማሪው ምንም ከሆነ እንዴት በእርሱ አካፈላችሁ? ምንም ካልሆነስ እንዴት ጣላችሁት? በአንድ ስሌት ውስጥ አንድ ነገር አለም የለምም ሊባል አይችልም።

መልሱ ትክክል እንደ ሆነ በርክሌ አልካደም፤ የተቸው መንገዱን ነው። የሒሳብ ሊቃውንቱ ተቈጡ፤ ጀምስ ጁሪን የተባለው መልስ ጻፈ። ኮሊን ማክሎሪን ግን ትችቱን በቁም ነገር ተቀብሎ በ1742 ትምህርቱን በጥንታውያን የግሪክ ሊቃውንት ጥንቃቄ እንደ ገና ሊያቆመው ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ፍጹሙ መልስ የመጣው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1821 የፈረንሳዩ ኮሺ፣ ከእርሱም በኋላ የጀርመኑ ቫየርሽትራስ፣ ጭማሪው ምንም ሆነ ሳይሉ፣ መልሱ ወደ 20 የፈለግነውን ያህል እንዲቀርብ ጭማሪው ምን ያህል ሊያንስ እንደሚገባው በመወሰን ትምህርቱን በጽኑ መሠረት ላይ አቆሙት። እንግዲህ የኤጲስ ቆጶሱ ትችት ሒሳብን አላፈረሰም፤ እንዲጠነክር ረዳው እንጂ። ሃይማኖተኛ ሰው ሳይንስን የሚተች ከሆነ እንዲህ ትምህርቱን ጠንቅቆ ዐውቆ ሊተች ይገባዋል።

የቅጥራን ውኃና የሕይወቱ ፍጻሜ

በክሎይን 18 ዓመት ያህል ኖረ። የአየርላንድን ድህነት አይቶ ከ1735 ጀምሮ፣ ሕዝቡ እንዴት ሠርቶ ሊበለጽግ እንደሚችል በመቶ በሚቈጠሩ ጥያቄዎች የተሞላ መጽሐፍ አሳተመ። ከ1739 እስከ 1741 በነበረው ብርቱ ብርድና ረኃብ፣ ተከትሎም በመጣው በሽታ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በአካባቢው ሐኪም ስላልነበረ በርክሌ በሽተኞችን ራሱ ያክም ጀመር፤ መድኃኒቱም የቅጥራን ውኃ ነበር። ቅጥራን ከጥድ ዛፍ የሚወጣ ጥቍር ዝልግልግ ነገር ነው። እርሱም ቅጥራኑን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ሁለት ቀን ያህል ካስቀመጠ በኋላ የጠለለውን ያጠጣ ነበር። በ1744 ስለዚህ መድኃኒት የጻፈው መጽሐፍ በሕይወቱ ሳለ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ ተሸጠ። መጽሐፉ ከቅጥራን ጀምሮ እያደገ ስለ አየርና ስለ እሳት፣ ስለ ፕላቶን ፍልስፍና፣ በመጨረሻም ስለ ሥሉስ ቅዱስ ይናገራል።

ፍቅሩ እውነተኛ ነበረ፤ ተስፋው ግን ከማስረጃው አለፈ። የቅጥራን ውኃ ለደዌ ሁሉ ማለት ይቻላል ይጠቅማል ብሎ አመነ፤ ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ኀይል እንደሌለው ታውቋል። የዳኑትን ቈጠረ፤ ሳይጠጡም ይድኑ የነበሩትን ግን አልለየም። መጽሐፉ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1747 ጀምስ ሊንድ የተባለ የባሕር ኀይል ሐኪም፣ ስከርቪ በሚባለው በሽታ የተያዙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፈለ፤ ለየክፍሉም ልዩ ልዩ ነገር ሰጥቶ አነጻጸረ፤ ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ፈጥነው እንደ ተሻላቸውም አገኘ። ከኒውተን ተከታዮች ጥብቅ ማስረጃ የጠየቀው በርክሌ ለራሱ መድኃኒት እንዲህ ያለ ፈተና አላደረገም። እንዲያስተውልባቸው የነገራቸውን ድንበር፣ ደግ ልብ ይዞ ራሱ ተሻገረው።

በ1752 ሸምግሎና ታሞ ሳለ ልጁ ጆርጅ ወደሚማርበት ወደ ኦክስፎርድ ለመሄድ ኤጲስ ቆጶስነቱን ሊተው ለመነ፤ ንጉሡ ግን በማዕርጉ ሆኖ በወደደው ስፍራ እንዲኖር ፈቀደለት። በኦክስፎርድም ጥቂት ወራት ብቻ ኖረ። በ1753 በጃንዩወሪ 14 ቀን ማታ በቤተ ሰቡ መካከል ሳለ ሳይታወቅ ዐረፈ። ሥጋው አምስት ቀን እስኪሞላው ድረስ እንዳይቀበር በኑዛዜው አዝዞ ነበር፤ በክራይስት ቸርች ካቴድራል ተቀበረ።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው

እንግዲህ ወንድሞች ሆይ፤ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ሳይንስ የፍጥረትን ሥርዓት ካስረዳ ለሃይማኖት የሚቀረው ምንድን ነው ለሚል ሰው፣ ሰዋስው ሁሉ ቢታወቅ ለትርጓሜ የሚቀረው ምንድን ነው ብለን እንጠይቀው። የሚቀረው መጽሐፉ ራሱ ነው። የግስ መምህርና የትርጓሜ መምህር በአንድ ገዳም ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን አያሳድድም፤ ተማሪውም ከሁለቱ አንዱን ዘልሎ ሊቅ አይሆንም።

ነገር ግን የበርክሌን ምሳሌ ወስደን በእርሱ እንዳንመካ እንጠንቀቅ። የሳይንስን ድንበር ማሳየት ለሃይማኖት ሰው ቀላል ነው፤ የራሱን ድንበር ማወቅ ግን ከባድ ነው። በርክሌ ኒውተንን በመረመረበት ዓይን የቅጥራኑን ውኃና በእርሻው የሚደክሙትን ባሪያዎች ቢመረምር ኖሮ ስሙ ዛሬ ያለ ነቀፋ በተጠራ ነበር። ስለዚህ ሌላውን ስለ ዕውቀቱ ማስረጃ የምንጠይቅ ሁሉ፣ አስቀድመን ያንኑ ጥያቄ ወደ ራሳችን ልብና ሥራ እንመልስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።